እትዬ አስካለ ፊልም ሲያዩ

የእትዬ አስካለን ሞት የነገረችኝ ከድጃ ናት። ደብረ ብርሃን በማስተምርበት ትምህርት ቤት የመምህራን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የፈተና ወረቀት ሳርም ስልኬ ጮኸ። ከድጃ ስትደውል ሁልጊዜ «አንቺ ጠፊ» ብላ ነው የምትጀምረው። ያን ቀን ግን «ሰናይት» ብላ ዝም አለች።

«እትዬ ናቸው?» አልኳት።

«እሳቸው ናቸው። ማታ ደኅና ነበሩ። ጠዋት ባንኳኳ አልከፈቱልኝም።»

ቀብሩ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር። በዚያ ሰዓት ወደ መሐል ሜዳ የሚነሣ መኪና ባገኝ እንኳ እንደማልደርስ ሁለታችንም እናውቅ ስለነበር «ነይ» አላለችኝም፤ እኔም «እመጣለሁ» አላልኩም። ስልኩን ዘግቼ ወረቀቴን ማረም ቀጠልኩ። ማልቀሴን ያወቅሁት አጠገቤ የተቀመጠው የሂሳብ መምህር መሐረብ ሲያቀብለኝ ነው። ያን ጊዜ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ እትዬ አስካለ ቢያዩኝ ምን እንደሚሉ ነበር። «ይህቺስ እውነቷን ነው» ይሉ ነበር። እንባ የሚመረምሩ ሰው ነበሩ።

ከኮሌጅ እንደወጣሁ የተመደብኩት መሐል ሜዳ ነው። ብርዱን የነገረኝ ሰው ስላልነበረ አንድ ቀጭን ሹራብ ብቻ ይዤ ሄድኩ። ቤት ሳፈላልግ ሰዎች ወደ እትዬ አስካለ ግቢ መሩኝና እሳቸው አንዲት ክፍል አከራዩኝ። ረጅም፣ ቀጠን ያሉ፣ ስልሳውን ያለፉ ሴት ነበሩ። ሹራቤን አይተው ወደ ቤታቸው ገብተው የበግ ጠጉር ባና አምጥተው አልጋዬ ላይ ጣሉልኝ። ሥራቸው ጠጉር መፍተል ነበር፤ እንዝርቷ ከእጃቸው አትለይም። ቆመውም፣ እየሄዱም፣ ሰው እያነጋገሩም ይፈትላሉ።

በአገሩ የታወቁት ግን በፈትል አልነበረም። ሙሾ አውራጅ ነበሩ። ሰው ሲሞት ከራቤል ድረስ በቅሎ ተጭኖ ይላክላቸው እንደነበር ሰምቻለሁ። ለቅሶ ቤት ሲደርሱ ወዲያው አይገጥሙም፤ መጀመሪያ ጥግ ይዘው ስለ ሟቹ ይጠይቃሉ። ሲሄድ በየትኛው እግሩ ያነክስ ነበር፣ በሬውን ምን ብሎ ይጠራው ነበር፣ ሲስቅ አፉን ይሸፍን ነበር ወይ እያሉ ያጣራሉ። ከዚያ ተነሥተው ሁለት ስንኝ ሲያወርዱ ሟቹ በሰው መሐል የሚያልፍ ይመስላል ይባል ነበር። እኔ ግን ሲያወርዱ አልደረስኩም። እኔ ስሄድ ከተዉት ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ለምን እንደተዉት መጠየቅ ነውር መሰለኝና አልጠየቅኩም።

ቴሌቪዥኑን የላከልኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። የመሐል ሜዳ ነፋስ ዲሹን እያዞረ በሳምንት አንዴ ጣሪያ ላይ ያስወጣኝ ነበር እንጂ ጥሩ ቴሌቪዥን ነበር። የማስተምረው በጠዋት ፈረቃ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ያኔ ወደ አማርኛ የተመለሰ የውጭ አገር ተከታታይ ድራማ ይታይ ነበር፤ ማታ ያለፈው ክፍል በማግስቱ ከሰዓት ይደገማል። እኔ ድጋሚውን አያለሁ።

አንድ ቀን እትዬ አስካለ የተሰጣው ገብሳቸው ላይ ዶሮ እንዳይወጣ እንድጠብቅላቸው ሊነግሩኝ ብቅ አሉ። እንዝርታቸውን እያሾሩ በሩ ላይ ቆሙ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ጥቁር የለበሰች ቆንጆ ሴት ሣጥን ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች።

«ማን ሞቶባት ነው?» አሉኝ።

«ባሏ።»

ትንሽ አዩና «አልሞተባትም» አሉ።

ድራማ መሆኑን ላስረዳቸው ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ። ድራማ መሆኑንማ ያውቃሉ። «እንባዋን በጣቷ ጫፍ ነው የምትጠርገው፤ ኩሏ እንዳይበላሽ። ባል የሞተባት ሴት ፊት እንዳላትም አታስታውስ። ይህቺ ባሏ አልሞተም» አሉና ገብሱን አደራ ብለውኝ ሄዱ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ባልየው ብቅ አለ። ሞቷል የተባለው ከጠላቶቹ ለመሸሽ ኖሯል፤ ሚስቱም ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር። እየሮጥኩ ወጣሁ። እትዬ አስካለ የታጠበ ጠጉር ገመድ ላይ ይሰቅሉ ነበር። ባልየው መመለሱን ስነግራቸው ዞረውም አላዩኝ። «ነግሬሽ የለ» ብለው ጠጉራቸውን ማስጣት ቀጠሉ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሳልጠራቸው ቴሌቪዥን መክፈት አስጠላኝ። ሦስተኛችን ከድጃ ነበረች። ከድጃ ከቆላው ወገን መጥታ በግቢው መንገድ ዳር ባለችው ክፍል ጨርቅ ትሸጣለች። ሱቋን በመስኮቴ በኩል እያየች፣ ደንበኛ ሲመጣ እየሮጠች፣ ስትመለስ «ምን ሆነ? ምን አለችው?» እያለች ታደርቀናለች። ከድጃ ለሁሉም ታለቅሳለች። ሰው ቢሞትም፣ ሰው ቢጋባም፣ የማስታወቂያ ሕፃን ቢስቅም ታለቅሳለች። እትዬ አስካለ ይህን አይነቅፉም። «የሷ እንባ ቅርብ ነው፤ ውሸት ግን የለበትም» ይሏት ነበር።

እሳቸው ራሳቸው እንደኛ የፊልም ሱሰኛ አልነበሩም። ሲመቻቸው ይመጣሉ፤ ሲበቃቸው ይነሣሉ። እኛ መጨረሻው ጨንቆን ስንቀመጥ እሳቸው አምስት ደቂቃ ሲቀረው ቀሚሳቸውን አራግፈው ይወጣሉ። «እትዬ፣ ሊያልቅ ነው እኮ» ስትላቸው ከድጃ፣ «አልቋል። የቀረው እርስ በርስ መነጋገራቸው ነው» ይላሉ።

የሚወዱት ነገር እኛ የማናየውን ነበር። ድምፅ ይለያሉ። የአንዱ ድራማ አማት የሌላው ድራማ ነርስ መሆኗን በድምፅ ያወቁት እሳቸው ናቸው፤ «ይህቺ ሴት ከዚያኛው ቤት ተጣልታ ወጥታ እዚህ ሥራ ያዘች» ብለው አሳቁን። ከምትታየዋ ተዋናይ ይልቅ በአማርኛ ድምፅ የምትሰጣት ሴት እንደምትበልጥም አጥብቀው ያምኑ ነበር። የኛዎቹን ድራማዎች ሲያዩ ደግሞ ሰዎቹ ሰላምታ አለመሰጣጣቸው ያበሳጫቸዋል። በር ይከፈታል፣ ሰው ይገባል፣ ጠብ ይጀመራል፤ እንደምን ዋላችሁ የለ፣ ተቀመጡ የለ። ገበታ ቀርቦ አንዱ ተቆጥቶ ይነሣል፣ ምግቡ እንዳለ ይቀራል። ያን ጊዜ እትዬ አስካለ ጠቡን ትተው ስለ ምግቡ ያዝናሉ፤ ይህን ሁሉ የሠራችው ሴት ጓዳ ውስጥ ሆና ምን ትል ይሆን ይላሉ። ስለ ፍቅር ፊልም አንድ ጊዜ ከድጃ ብትጠይቃቸው የሰጡት መልስ እስከዛሬ ከሰው ጋር ስኖር ይመጣብኛል። «እወድሻለሁ ሲላት ይኸው ሰባተኛ ጊዜው ነው። በልታ እንደሁ ግን አንድ ቀን አልጠየቃትም» አሉ።

ያመሰገኑት ተዋናይ ጥቂት ነው። አንዴ በአንድ ድራማ ውስጥ ስም የሌለው ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን አውልቆ አሸዋ ሲያራግፍ አዩና እንዝርታቸውን አቁመው «ይህ ሰውዬ እውነትም ደክሞታል» አሉ። ዋናው አክተር ከኋላው ቆሞ ስለ ፍትሕ ይናገር ነበር። የተናገረውን ማናችንም አናስታውስም።

አንድ እሑድ ከሰዓት ከድጃ የምትወደው ዓይነት የጠመንጃ ፊልም መጣ። ጀግናው ብቻውን የወንበዴዎቹን ግቢ ሰብሮ ይገባል። በሩ ላይ የቆመ ዘበኛ ሲጋራ ሊለኩስ ጎንበስ ሲል ተመትቶ ይወድቃል። ከዚያ ተኩሱ ቀጠለ፤ ፎቅ ፈረሰ፣ መኪና ነደደ፣ በመጨረሻ ጀግናው ልጅቱን አቅፎ ወጣ። ከድጃ አጨበጨበች። እትዬ አስካለ ያን ቀን እስከ መጨረሻው ድረስ ሳይነሡ ተቀምጠው ነበር።

«ያ በር ላይ የነበረውስ?» አሉ።

የትኛው እንደሆነ ማስታወስ አቅቶን ተያየን። «ሲጋራ ሊለኩስ ሲል የወደቀው» አሉን።

«እሱማ ዘበኛ ነው እትዬ፤ የክፉዎቹ ወገን ነው» አለች ከድጃ።

«ዘበኛ ከሆነ ሥራ ብሎ ከቤቱ ወጥቷል ማለት ነው። ለቤቱ ሰዎች ማን ሄዶ ነገራቸው?»

ከድጃ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ተለዋወጠ። እትዬ አስካለ ከወጡ በኋላ በሩን ገፋ አድርጋ የልጃቸውን ነገር ነገረችኝ።

ጌትነት ይባላል፤ ያላቸው እሱ ብቻ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ወደ ዓረብ አገር በእግሩ ወጣ። ወደ ባሕሩ ሲቃረብ በሰው ስልክ አንድ ጊዜ ደወለ። «ደኅና ነኝ እማዬ፣ ስሻገር እደውላለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ድምፁ አልተሰማም። እትዬ አስካለ ሙሾ ማውረድ የተዉት ያኔ ነው። ከድጃ ምክንያቱን ጠይቃቸው ነበር። በሰው ልጅ ላይ ሊያወርዱ ሲነሡ የራሳቸው ልጅ ስም አፋቸው ላይ እየመጣ ስላስቸገራቸው ነው፤ ስሙ አንድ ጊዜ በሙሾ ከወጣ እሳቸው ራሳቸው የገደሉት መሰላቸው።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ምን ዓይነት ፊልም እንደምከፍት መጨነቅ ጀመርኩ። ግን ድራማ እኔን አያማክርም። በዚያው ሰሞን በምናየው ተከታታይ ውስጥ ሞቷል የተባለ ወንድ ልጅ ከብዙ ዓመት በኋላ መጥቶ የእናቱን በር አንኳኳ። እናትየዋ ከፈተች፣ ጮኸች፣ አንገቱ ላይ ወደቀች። ከድጃ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። እኔ ሪሞቱን ፈልጌ ጣቢያ ልቀይር ስል እትዬ አስካለ «ቸኮለች» አሉ። ድምፃቸው ላይ ምንም አልነበረም።

«ምኑ ላይ?» አልኩ።

«ይህን ያህል ዘመን የጠበቀች ሴት መጀመሪያ አታምንም። እጁን ታያለች። ትንሽ ሆኖ ምጣድ የነካበትን ጠባሳ ትፈልጋለች። ከዚያ 'ግባ፣ ብርድ ነው' ትለዋለች። መጮህ ከዚያ በኋላ ነው።»

እንዝርቷ እየሾረች ነበር። ያን በር በሐሳባቸው ስንት ጊዜ ከፍተውት እንደነበር ያን ቀን ገባኝ።

ታናሽ ወንድማቸው ጋሼ ተሰማ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር የመጡት የዚያ ዓመት ጾም ከመግባቱ በፊት ነው። የመጡበትን ሁላችንም አውቀናል። ሬሳው ላልተገኘ ሰው ቤተሰቡ ተቀምጦ አልቅሶ እርሙን ያወጣል፤ ያን ጊዜ ሟቹ ሞተ ይባላል፣ ጸሎት ይደረግለታል፣ የቀረውም ሰው ወደ ኑሮው ይመለሳል። ጋሼ ተሰማ ክፉ ሰው አልነበሩም። እህታቸው በየቀኑ በር በር ሲያዩ ማየት ሰልችቷቸው ነበር።

«እታለም፣ ሰባት ዓመት ሆነ። እርሙን እናውጣ። እሱም ይረፍ፣ አንቺም ትረፊ» አሉ።

ሽማግሌዎቹም ጎረቤቱ ምን እንደሚል፣ ሳይለቀስለት የቀረ ሰው እንደሚያሳዝን ለረጅም ጊዜ ተናገሩ። እትዬ አስካለ ሁሉንም ሰምተው ጨረሱና ወደ ወንድማቸው ዞሩ።

«ተሰማ፣ የዚህን አገር እርም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለቅሶ ሲመጣ አውቀዋለሁ። አልመጣም። ሰው ደስ ይበለው ብዬ በልጄ ላይ የድራማ ለቅሶ አላለቅስም።»

ጋሼ ተሰማ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ሰውም እትዬ አስካለ ልባቸው ደርቋል ማለት ጀመረ። ለሰው ልጅ ሁሉ አልቅሰው ለራሳቸው ልጅ እንባ ነፈጉ እየተባለ በገበያ ሲወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሳቸውም ይሰሙታል። ማንንም አልተቀየሙም፤ ከሰዓት ሲሆን እንዝርታቸውን ይዘው ይመጣሉ።

በዓመቱ፣ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን፣ አንድ ሰው ወደ ግቢው ገባ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ፊቱ ግን ያረጀ ነው። ድራማ እያየን ነበርና በሩ ላይ ቆሞ ሰላምታ ሰጠ። የአስካለ ቤት ይህ ነው ወይ አለ። እትዬ አስካለ አንዴ አይተውት «ሰናይት፣ እሱን አጥፊው» አሉኝ። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ለእንግዳው ቦታ ለቀቁለት፤ ውሃ አስመጡለት። እኔና ከድጃ ልንወጣ ስንነሣ «ተቀመጡ» አሉን።

ሰውዬው የግሼ ሰው ነው። ከጌትነት ጋር አብረው ወጥተው ነበር። እሱ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ተይዞ፣ ለረጅም ጊዜ ታስሮ ተመልሷል። አገሩ ከገባ ዓመት አልፎታል፤ እዚህ ለመምጣት ግን እግሩ እምቢ እያለው ቆይቷል። ጌትነት ግን ባሕሩን አልተሻገረም። በረሃው ውስጥ ታመመ። ሰውዬው ይህን ሁሉ ሲናገር እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ጉልበቱ ላይ፣ ከዚያ ብብቱ ሥር፣ ከዚያ ደግሞ ጉልበቱ ላይ ያደርገዋል። አላለቀሰም።

እትዬ አስካለ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። «ሲሞት ምን አለ?» አሉት።

ሰውዬው መሬት መሬቱን እያየ፣ «ከመሞቱ በፊት አለቀሰ። እንመለስ ብሎ ለመነን። ወደ ቤቴ መልሱኝ አለን። አልሰማነውም» አለ።

ከድጃ ፊቷን ሸፈነች። እኔ ይህን ለእናት መናገር ጭካኔ መስሎኝ ሰውዬውን ጠልቼው ነበር። እትዬ አስካለ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እውነትህን ነው» አሉት። «ሊዋሽ የመጣ ቢሆን ጀግና አድርጎ ይነግረኝ ነበር። ቀበራችሁት?»

«በእጃችን። መቆፈሪያ አልነበረንም። ድንጋይ ከመርንበት።»

ተነሥተው አጠገቡ ሄዱ። እነዚያን ማረፊያ ያጡ እጆቹን ያዙና መዳፉን ገልብጠው አንዱን ሳሙ፣ ሁለተኛውን ሳሙ። ሰውዬው ያን ጊዜ አለቀሰ። እሳቸው አብልተው፣ እግሩን አጥበው፣ ልጃቸው ይተኛበት በነበረው አልጋ አስተኙት። ጠዋት ሲሸኙት አንድ አዲስ ባና አሸከሙት። ወንድማቸውን ያስጠሩት እሱን መኪና ካሳፈሩ በኋላ ነው።

«ተሰማ፣ ለቅሶው መጥቷል። ለሰው ንገር» አሉ።

እንደዚያ ያለ ለቅሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሰው ከየአቅጣጫው መጣ፤ ከራቤል የመጡም ነበሩ። እትዬ አስካለ መሐል ላይ ቆሙ። ሁሉም የሚጠብቀው የሙሾ አውራጇን ግጥም ነው። አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከሩ። ለስንቱ ሲገጥሙ ኖረው ለራሳቸው ልጅ አንድ ቃል አጡ። የሚሰማው ነፋሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ አንዲት የራቤል ሴት ከሰው መሐል ወጣች። ነጋዴ ባሏ ቆላ ወርዶ የሞተባት ናት፤ ያኔ ያወረዱላት እትዬ አስካለ ነበሩ። የሰጧትን ይዛ ኖራ ያን ቀን መለሰችላቸው።

«ነፋሱን ጠይቁት ከቆላ የመጣውን፣
የት እንዳሳደረው የኔን ሰው ብቻውን።»

እሷ ስትጨርስ ሌላዋ ተነሣች፤ እሷም ለእናቷ የተገጠመላትን አለች። ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለሰው የሰጡት ግጥም ሁሉ በየሴቱ አፍ ወደ እሳቸው ተመለሰ። እትዬ አስካለ ቆመው ሰሙት። እንባቸውን አልጠረጉም፤ ፊት እንዳላቸውም ያወቁ አይመስሉም ነበር። ልባቸው ደርቋል ሲሉ የነበሩ ሰዎች ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ።

አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት በሩን ከፍተው ገቡና በተለመደው ቦታቸው ተቀመጡ። ጥቁር ለብሰዋል፤ እንዝርቷ በእጃቸው አለች። ቴሌቪዥኑ ውስጥ፣ እንደ አጋጣሚ ሆኖ፣ ሌላ ድራማ ላይ ሌላ እናት የጠፋ ልጇን አግኝታ ታቅፋለች። ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ። ሪሞቱን ሳነሣ «ተይው» አሉኝ። የሴትዮዋ አለቃቀስ እኔ እንኳ የማውቀው ውሸት ነበር፤ እንባዋ በአንድ ዓይኗ ብቻ ነው የሚወርደው። ፍርዱን ጠበቅን። እትዬ አስካለ ለረጅም ጊዜ አይተው «ግድ የለም፣ አንዷ እንኳ ታግኝ» አሉ።

እኔ በኋላ አገባሁና ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወርኩ። ቴሌቪዥኑን ለእሳቸው ተውኩላቸው። በየቅዳሜው እንደዋወል ነበር፤ ሰላምታው ሲያልቅ ወደ ድራማው ይገባሉ። የማን ትወና እንደተበላሸ፣ የትኛዋ ሴት ከባሏ ይልቅ ለመስታወት እንደምትናገር ይነግሩኛል። አንዳንድ ጊዜ ሳላይ አየሁ እላቸዋለሁ። በድምፄ ያውቁኛል። «አላየሽም። ግድ የለም፣ እኔ ልንገርሽ» ብለው ከመጀመሪያው ይተርኩልኛል።

ከመሞታቸው አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ በአንድ ቅዳሜ አዲስ ድራማ እንዳዩ ነገሩኝ። ከእሳቸው አፍ ሰምቼው የማላውቀውን ዓይነት ምስጋና አመሰገኑ። «እንዲህ ያለች ተዋናይ አይቼ አላውቅም። ሰው እንደሚያያት አታውቅም» አሉኝ።

አንዲት አሮጊት ናት አሉ። አውቶቡስ ትሳፈራለች። ለሁለት ሰው የሚሆን ስንቅ ይዛለች። ሹፌሩ የት ነው የሚወርዱት ሲላት ስደርስ እነግርሃለሁ ትለዋለች። ደጋው ያልቃል፣ ሙቀት ይጀምራል፣ ሰው ሁሉ ጋቢውን ያወልቃል፤ እሷ አታወልቅም። አንድ ባዶ ሜዳ ላይ «እዚህ ነው» ብላ ትወርዳለች። ድንጋይ የተከመረበት ቦታ አለ። አጠገቡ ትቀመጣለች። ፀሐዩ ድንጋዩን አግሎታል፤ ነጠላዋን አውልቃ ታለብሰዋለች። ስንቁን ትፈታለች። ከዚያ የቤቱን ወሬ ታወራለታለች፤ የትኛዋ በግ መንታ እንደወለደች፣ ማን እንዳገባ፣ ጣሪያው የት ጋ እንደሚያፈስ። ስትጨርስ ተነሥታ መንገዱ ዳር ቆማ መኪና ትጠብቃለች።

«አታለቅስም?» አልኳቸው።

«ምን ያስለቅሳታል? አገኘችው እኮ» አሉ።

የድራማውን ስም ጠየቅኳቸው፤ አላወቁትም። ጣቢያውንም አላስታወሱትም። በኋላ ባሌን ጠየቅኩት፣ ተማሪዎቼን ጠየቅኩ፤ የሚያውቀው አላገኘሁም። ከዚያ ሥራ በዛ፣ ነገሩም ተረሳኝ።

ለቅሶ ልደርስ የሄድኩት ከቀብሩ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው። ጋሼ ተሰማን አጽናንቼ፣ ከሰዎቹ ጋር ተቀምጬ፣ ሰው ሲቀንስ እኔና ከድጃ እትዬ አስካለ ክፍል ገባን። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል። ከድጃ ዓይኗ አብጦ ነበር። ያ ከመሞታቸው በፊት ያዩት ድራማ አለቀ ወይስ አሁንም ይታያል ብዬ ጠየቅኳት።

«የቱ?» አለች።

«ያቺ አሮጊት አውቶቡስ የምትሳፈርበት። በጣም ወደዋት ነበር። ቅዳሜ ዕለት ነገሩኝ፤ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት።»

ከድጃ ግራ ገብቷት አየችኝ። «ያን ሰሞን መብራት አልነበረንም። ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ ሦስት ሳምንት በኩራዝ ነው ያመሸነው። ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም፤ እዚሁ ቁጭ ብለን ጠጉር ስናባዝት ነበር» አለችኝ።

ውጭ ሰዎች ድንኳኑን ሲያፈርሱ ይሰማል። ከድጃ እግሯን ሰብስባ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ዓይኗን በሻሿ ጠረገች።

«እስቲ ንገሪኝ» አለች። «ሴትዮዋ ከየት ነው የምትሳፈረው?»

«ከዚሁ፣ ከመሐል ሜዳ» አልኳት።